የማገዶ መጋዝና ልኩ

የደጋ ሰው ዓመቱን በበዓላትና በአዝመራ እንደሚቈጥር ሁሉ በማገዶም ይቈጥራል። በደባርቅና በዳባት፣ በጠቅላላውም በስሜን ተራራ ግርጌ ለሚኖር ክርስቲያን፣ ክረምት ሳይገባ የደረቀ እንጨት በደጁ ካልተከመረ የሐምሌ ጉምና ብርድ ቤቱን ይገዛዋል፤ እንጀራው በጊዜው አይጋገርም፣ ሕፃኑ አይሞቅም፣ እንግዳም ቢመጣ ቡና ለማፍላት እንኳ ያስቸግራል። ስለዚህ ማገዶን የሚመለከት ነገር ሁሉ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ በቤተሰብ መጽሔት ብንጽፍበትም ቦታውን የሳተ አይመስለንም።

በአባቶቻችን ዘመን የማገዶ መሣሪያ ምሳርና የእጅ መጋዝ ነበረ። ዛሬ ግን የሞተር መጋዝ ወደየመንደሩ ገብቷል። አንዱ ለራሱ ይገዛል፣ አንዱ ይከራያል፣ ሌላውም ከጎረቤቱ ተባብሮ ይገዛል። ከዚህም የተነሣ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለማገዶ የሚሆነው መጋዝ ልኩ ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለነጋዴ የሚተው የብረት ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት የሠራተኛው ደኅንነት፣ የእናቶች ጤና፣ የቤተ ክርስቲያንም ዛፍ በዚሁ መልስ ላይ የተንጠለጠሉ ሆነው ይገኛሉ።

አስቀድሞ የምንቈርጠው እንጨት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ደባርቅ ይገኛል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። የዚህ አገር የጥንት ዛፍ ጽድና ወይራ ነበረ፤ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከኮሶ በላይ አስታ፣ ከሁሉም በላይ ጅብራ ይተካል። ዛሬ በየጓሮውና በየማሳው ዳር ቆሞ የምናየው ግን ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የአውስትራልያ ተወላጅ ሲሆን፣ በአገራችን መተከል የጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ በተደረሰ ጊዜ ከተማዋን ያጸናት ይኸው ዛፍ መሆኑ ይነገራል። ባሕር ዛፍ ከተተከለ በአምስትና በሰባት ዓመት መካከል ለማገዶ ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜም ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር አያልፍም። እንግዲህ የመጋዙ ምርጫ የሚጀምረው ከዚህች ስንዝር ነው።

እኛ ያለንበት የጽዋ ማኅበር ለጥር ንግሥ የሚሆነውን ማገዶ ለማዘጋጀት አንድ የሞተር መጋዝ በጋራ ለመግዛት አስቦ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ ምክር ተደርጎ ነበር። ወጣቶቹ ትልቁ እንዲገዛ ወደዱ።

«አባቴ፣ ትልቁ መጋዝ ትንሹንም ትልቁንም ይቈርጣል፤ ትንሹ ግን ትልቁን አይቈርጥም። ገንዘብ ካወጣን አይቀር ለልጅ ልጅ የሚተርፈውን እንግዛ» አለ አንደኛው።

ከልጅነታቸው ጀምረው እንጨት በመፍለጥ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ግን ገመድ እንዲመጣ አዘዙ። «ልጄ፣ ነገርህ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ልብስ ሰፊ እንኳ ሳይለካ አይቈርጥም። እስቲ ተነሥና ግንዱን አስለካን» አሉት።

በግቢው የተከመረው ግንድ እየተገለበጠ ዙሪያው በገመድ ተለካ። ክብ የሆነውን ነገር ዙሪያውን ለክቶ ገመዱን በሦስት ቢያጥፉት የግንዱ ውፍረት በግምት ይገኛል። ሰሎሞን ለቤተ መቅደስ ያሠራው የናስ ባሕር ከዳር እስከ ዳር ዐሥር ክንድ፣ ዙሪያው ሠላሳ ክንድ እንደ ነበረ በመጽሐፈ ነገሥት ስለ ተጻፈ፣ ሽማግሌው ስሌቱን ከዚያ እንደ ተማሩት ነገሩን። የሒሳብ ሰዎች ከሦስት ጥቂት እንደሚተርፍ ያስተምራሉ፤ ለማገዶ ግን ይህ ይበቃል። ተለክቶ ሲያልቅ አብዛኛው ግንድ ከ12 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ውፍረት ነበረው። ከሁሉ የወፈረው የአንድ አሮጌ ባሕር ዛፍ ግንድም ከ32 ሳንቲ ሜትር አላለፈም።

የንግሡን ወጥ ቤት ዘወትር የሚመሩት እናት ይህን ሁሉ ቆመው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «እናንተ በመቍረጡ ትከራከራላችሁ፤ እኛ የምናለቅሰው በጭሱ ነው። ለመሆኑ መጋዙ እንጨቱን ያደርቀዋል?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ ጥያቄያቸው ግን ከሁሉም የበለጠ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ እርሱም እንመለሳለን።

የሞተር መጋዝ ልክ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ነው፤ ለአነጋገር እንዲመች «ምላስ» እንበለው። ሁለተኛው የሞተሩ ጕልበት ነው። ምላሱ በገበያ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በኢንች ሲሆን፣ አንድ ኢንች ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከ12 እስከ 14 ኢንች የሆነው፣ ማለት ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው፣ ለቅርንጫፍና ለቀጭን ግንድ ይሆናል። ከ16 እስከ 18 ኢንች የሆነው፣ ማለት ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው፣ ለቤተሰብ ማገዶ የተመቸ ነው። ከ20 ኢንች በላይ ያለው ግን ታላላቅ ዛፍ ለሚጥሉ፣ ሥራቸውም ይኸው ብቻ ለሆነ ሰዎች የተሠራ ነው። ደንቡም ቀላል ነው፤ ምላሱ ከግንዱ ውፍረት አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይብለጥ። በዚህ ደንብ ባለ 32 ሳንቲ ሜትሩ ግንድ 37 ይጠይቃል፤ ስለዚህ ባለ 40 ሳንቲ ሜትር ምላስ ለማኅበራችን ማገዶ ሁሉ በቂ ሆኖ ተገኘ። ስንዝር የማይሞላ ባሕር ዛፍ ብቻ ላለው ቤተሰብ ደግሞ ባለ 30 ወይም ባለ 35 ሳንቲ ሜትሩ ይበቃዋል፤ እንጨቱ ጥቂት ከሆነም የተሳለ የእጅ መጋዝና ምሳር ያለ ቤንዚን ወጪ ሥራውን ይፈጽማሉ።

የሞተሩ ጕልበት ግን በደጋ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተር እንደ ሰው በአየር ይኖራል። በደባርቅ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ትንሽ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጕልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በካታሎግ ላይ ለረጅም ምላስ ይበቃል የተባለው ሞተር እዚህ ሲመጣ ይደክማል፤ ሰንሰለቱ በግንዱ መካከል ይቆማል፣ ሠራተኛውም ይጫነዋል፣ አደጋም ከዚህ ይወለዳል። በደጋ የሚሻለው መካከለኛ ሞተር ከአጭር ምላስ ጋር ነው። ለባለ 40 ሳንቲ ሜትር ምላስ ከ40 እስከ 45 ሲሲ የሚሆን ሞተር ቢመረጥ የጠፋው ጕልበት ይካካሳል፤ ክብደቱም ከአምስት ኪሎ ብዙ ስለማይርቅ ክንድ አይሰብርም።

ሌላም ነገር አለ። በቈላ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር በደጋ ሲነሣ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጢስ ያጨሳል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መካኒክ ካርቡሬተሩን ለቦታው እንዲያስተካክለው ያስፈልጋል። እንዲህ የተስተካከለው መጋዝ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ አዲ አርቃይ የሚወሰድ እንደ ሆነ ግን ዳግመኛ ይስተካከል፤ አለዚያ በዚያ ወፍራም አየር ቤንዚኑ አንሶት ሞተሩ ይቃጠላል። ዛሬ ከሚሠሩት መጋዞች አንዳንዶቹ ይህን በራሳቸው የሚያስተካክሉ ናቸው፤ ገዢው ሲገዛ ይህን ይጠይቅ። የዘይቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቀው የሞተር ዘይት ለብዙዎቹ አዳዲስ መጋዞች ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ነገር ግን ከመጋዙ ጋር የመጣው መጽሐፍ የሚያዝዘው ከሁሉ ይበልጣል። ሰንሰለቱም የራሱ ዘይት አለው፤ ያለ ዘይት የሚዞር ሰንሰለት ምላሱን ይበላዋል።

ይህ መሣሪያ እንዴት እንደ ተገኘ ማወቅም ሳይጠቅም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1926 አንድሬአስ ስቲል በጀርመን አገር በስቱትጋርት ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ ሠራ፤ በሦስት ዓመትም በኋላ በቤንዚን የሚሠራውን አወጣ። እነዚያ መጋዞች ሁለት ሰው የሚይዛቸው ከባዶች ነበሩ። ሰንሰለታቸውም ቶሎ ቶሎ እየደነዘ ያስቸግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆሴፍ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ እንጨት ቈራጭ በኦሬገን ደን ውስጥ በአንድ ጉቶ ላይ ትል እንጨቱን ሲበላ ተመለከተ። ትሉ በሁለቱ ጥምዝ መንጋጎቹ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየገመጠ፣ የእንጨቱን ጭረት ሳይፈራ ይሄድ ነበር። ኮክስ የትሉን መንጋጋ አስመስሎ የብረት ጥርስ ሠራ፤ በ1947ም ለገበያ አቀረበው። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያለው የመጋዝ ሰንሰለት የተከተለው ያንኑ ጥበብ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ከጕንዳን እንዲማር መክሮት ነበር፤ ይህ ሰው ደግሞ ከትል ተማረ።

ከዚህ የምንረዳው መጋዝን መጋዝ የሚያሰኘው ጥርሱ መሆኑን ነው። የደነዘ ብረት የሠራተኛውን ጕልበት እንደሚጨርስ መጽሐፈ መክብብ አስቀድሞ አስተምሯል። ሰንሰለት መሳሉና መደነዙ በሚጥለው ነገር ይታወቃል። የተሳለው ፍቅፋቂ ይጥላል፤ የደነዘው ግን እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ያወጣል። ሰጋቱራ ሲታይ ሥራውን አቁሞ ሞረድ ማንሣት ይገባል። ትንሽ መጋዝ በተሳለ ሰንሰለት፣ ደንዛዛ ሰንሰለት ካለው ትልቅ መጋዝ ይልቅ ፈጥኖ ይቈርጣል።

አሁን ደግሞ ስለ አደጋው እንናገር። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19፣ አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር ወደ ዱር ሄዶ እንጨት ሲቈርጥ፣ የምሳሩ ብረት ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ገዳዩ ወደ መማጸኛ ከተማ እንዲሸሽ ተደንግጓል። እግዚአብሔር በሕጉ ውስጥ የምሳር ዛቢያን ነገር ሳይቀር ማስገባቱን ልብ እንበል። የመሣሪያ አደጋ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ፣ የሰውን ደም የሚያስጠይቅ ነገር ነው። በሞተር መጋዝ ዘንድ ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው የምላሱ ጫፍ ነው። የጫፉ የላይኛው ክፍል ግንድ ወይም ቅርንጫፍ የነካ እንደ ሆነ፣ መጋዙ ዓይን ከሚጠቀስበት ጊዜ ባነሰ ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት ይወረወራል። ሰንሰለቱ በሙሉ ኀይል ሲዞር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 20 ሜትር ያህል የሚሄድ ስለ ሆነ፣ እጅ ከዚያ ቀድሞ አይከላከለውም። ምላሱ በረዘመ መጠን ጫፉ ከሠራተኛው ዓይን ይርቃል፤ ከተከመረው ግንድ ማዶ ምን እንደሚነካ አይታወቅም። ከልክ ያለፈ መጋዝ መግዛት ከወጪው ይልቅ በዚህ ምክንያት ሊፈራ ይገባል።

ስለዚህ መጋዝ የሚይዝ ሰው ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ አይሥራ፤ ልብሱ ገላውን የተከተለ ይሁን፤ ማዕተቡንም በሸሚዙ ውስጥ ይክተት። እግሩን በኮንጎ ጫማ አጋልጦ አይቁም፤ የተሸፈነና የጠነከረ ጫማ ይጫማ። ለራሱ ቁር፣ ለዓይኑ መነጽር፣ ለእጁ ጓንት፣ ለእግሩም ሰንሰለት እንዳይቈርጠው ተብሎ የተሠራውን ሱሪ ቢያገኝ ይልበስ። የመጋዙ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል የሚያልፍ በመሆኑ ለጆሮም መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሠራተኛው በጕልምስናው ቅዳሴውን በቅጡ መስማት ይሳነዋል። ሰው ብቻውን ሆኖ አይቍረጥ፤ ሕፃናትና ከብትም ይራቁ፤ ዛፍ በሚጣልበትም ጊዜ ሌላው ሰው ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ይራቅ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ የሚውል ክርስቲያን ሥራውን በማለዳ ይጨርስ፤ ከቀትር በኋላ ክንዱ ሲዝል መጋዝ አያንሣ። የአምስት ኪሎ መጋዝ በማለዳ ቀላል ነው፤ በተሲዓት ግን ዐሥር ኪሎ ይሆናል። ትልቁማ በማለዳም ከባድ ነው።

ዛፉን ከጣሉ በኋላም ጉቶው ሊታሰብ ይገባዋል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፤ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ የሚያጭደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለዚህም ግንዱ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር በጥቂቱ ዘንበል ተደርጎ፣ ቅርፊቱም ሳይገነጠል መቈረጥ አለበት። ከልክ ያለፈ ረጅም ምላስ አጠገብ ያለውን ጉቶና መሬቱን ሳይነካ ይህን ዝቅተኛ ሥራ መሥራት ይቸግረዋል፤ አጭሩ ግን ይመቸዋል። የበቀለው ቍጥቋጦ ጠንከር ሲል ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብርቱዎች አስቀርቶ ሌላውን መመንጠር ነው።

እነሆ ወደዚያች እናት ጥያቄ ደረስን። መጋዝ እንጨት አያደርቅም። አዲስ የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ነው፤ በምድጃ ውስጥ ሲገባ እሳቱ ኀይሉን የሚጨርሰው ያንን ውኃ በማትነን ነው። ከዚያም የሚወጣው ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከሰል ከመሳሰለው ነገር በሚወጣ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። በየቤቱ የጭሱን ዋና ድርሻ የምትውጠው እናት ናት፤ ሕፃኑም ከጀርባዋ ታዝሎ አብሯት ይውጣል። ስለዚህ ማገዶ በጥቅምትና በኅዳር ተቈርጦ፣ እንደ ምድጃው ልክ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ተከርክሞ፣ በምሳርና በሽብልቅ ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይደርደር። ያልተፈለጠ ግንድ ቅርፊቱ ውኃውን አፍኖ ስለሚይዝ በቶሎ አይደርቅም። እንዲህ የተዘጋጀው እንጨት በጋውን ሁሉ ፀሐይና ነፋስ አግኝቶ ግንቦት ላይ ደርቆ ይገኛል፤ ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩትም እንደ ደረቅ ነገር ይጮኻል። በዚህ ላይ በስሚንቶ የሚሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ቢጨመር፣ በሦስት ጕልቻ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ያተርፋል።

ማኅበራችንም በመጨረሻ የመረጠው ባለ 40 ሳንቲ ሜትሩን ነው። ከትልቁ ዋጋ በተረፈው ገንዘብ ሞረድ፣ ሁለት ሽብልቅ፣ የራስ ቁርና ጓንት ተገዛ፤ ከዚያም ለተፈለጠው እንጨት መጠለያ የሚሆን ጥቂት ቆርቆሮ ተገኘ። ጥር ሲደርስ የንግሡ ወጥ በዚያ መጠለያ በደረቀው እንጨት ተሠራ። የጠየቁት እናት፣ «ዘንድሮስ ያላለቀስነው በቆርቆሮው ነው» አሉ።

በዚያ የምክር ቀን የደብሩ ካህን የተናገሩት አንድ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። ወጣቶቹ ስለ ትልቁ መጋዝ ሲናገሩ ካህኑ ዝም ብለው ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ ትልቅ መጋዝ የሚመጥነው ዛፍ የት አለ?» አሉ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ዓይኑ ያረፈው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ባሉት ጽዶችና ወይራዎች ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ትልቁ መጋዝ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እውነቱም ይኸው ነው። መሣሪያ በቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ የሚመጥነውን ሥራ ይፈልጋል። ትልቅ መጋዝ ያለው መንደር ውሎ አድሮ ትልቅ ዛፍ ይፈልጋል። በእኛ አገር ደግሞ ትልቅ ዛፍ የቀረው በሁለት ቦታ ነው፤ በፓርኩና በቤተ ክርስቲያን ቅጽር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። በ2011 ዓ.ም. በበልጉ ወራት የደረሰው ቃጠሎም ሣሩንና አስታውን እንደ በላው እናስታውሳለን። በዚያ ዛፍ መቍረጥ የተከለከለ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ደን በተመለከተ ደግሞ፣ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት የዛፍና የቍጥቋጦ ዝርያ መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው አገር እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ያን ሁሉ ዘር ያቈየው የአባቶች ግዝትና የቅጽሩ ክብር ነው። ጽድ እየዘገየ የሚያድግ፣ የአንድ ሰው ዕድሜ የማይበቃው ዛፍ ነው፤ ትልቁ መጋዝ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጥለዋል። በምሳር ዘመን አንድ ጽድ ለመጣል የሚፈጀው ቀን ለሰው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠው ነበር፤ ሞተሩ ያንን ጊዜ ወስዶታል። ስለዚህ ማሰቡ ከግዢው በፊት መሆን አለበት። አባቶቻችን አስቀድሞ መጥኖ ስለ መደቈስ የተናገሩት ለወጥ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ቤተሰቦች፣ መጋዝ የምትገዙ ከሆነ በመጀመሪያ ገመድ ይዛችሁ ወደ ግንዳችሁ ሂዱ፤ ቀጥሎም ስለ ከፍታው ስለ ሞተሩ ጠይቁ፤ ከዚያም ከተረፋችሁ ገንዘብ ላይ ለሠራተኛው ቁር፣ ለእንጨቱ መጠለያ፣ ለምጣዱም ምድጃ አስቡ። መጋዝ የገባበት ቤት በሐምሌ ችግኝ ሳይተክል አይለፍ፤ ለማገዶው ባሕር ዛፍ ቢተክል፣ ለልጅ ልጁ ደግሞ ጽድና ኮሶ፣ ወይራም ይትከል። ለተራራውና ለሸለቆው ልክ የሰጠ አምላክ ለእኛም የሚበቃንን የምናውቅበት ልቡና ይስጠን፤ ቤታችሁን ከብርድና ከጭስ፣ የሠራተኛችሁንም እጅ ከስለት ይጠብቅልን። አሜን።